የኪራዩ ዋጋና የቤቱ ዋጋ
(ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ነርሶች ቤት ስለ መፈለግ፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ሂሳብ ንገሪን ሲለኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ቁጠባ ደብተር የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቤት ነው የማወራችሁ። ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለነርስነት ሥራ የሚመጡ ልጆቻችንና እህቶቻችን ከሥራቸው አጠገብ ቤት እንዴት ያግኙ? በመጨረሻም ድምፅ የምንሰጥበት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

እኔ ነርስ አይደለሁም። ነገር ግን የብድር ማመልከቻ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያልፍ ማን ለምን እንደሚቸገር አያለሁ። ከአባላቱ መካከል ልጃቸው ወይም እህታቸው ነርስ የሆነች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ልጆች ሥራ ካገኙ በኋላ ለምን ብድር እንደሚጠይቁ ስመለከት፣ ከምግብና ከልብስ በፊት የሚመጣው የቤት ቅድሚያ ክፍያ ነው።

ስሟን ሳልጠራ የአንዷን ላንሳ። የአባላችን ልጅ ናት። በደቡብ ወሎ በአንድ ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ሠርታ፣ በአዲስ አበባ ሰሜን በኩል ባለ ሆስፒታል ተቀጠረች። ቤት የተከራየችው ኮዬ ፈጬ ነው። ምክንያቷም ሁለት ነበር፦ ኪራዩ ይረክሳል፣ የእናቷ ዘመድም እዚያ ትኖራለች። ከደቡብ ምሥራቅ ጫፍ እስከ ሰሜን በየቀኑ ከተማዋን ታቋርጥ ጀመር። የማታ ፈረቃዋ ሲያልቅ ታክሲ ስለማታገኝ በሆስፒታሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታነጋ ነበር። ነግቶ ቤቷ ስትደርስ እንቅልፏ አልፏል። በአምስተኛው ወር የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ፣ ከማስገባቷ በፊት ከእናቷ ጋር ወደ ቢሯችን መጡ። እናቷ «ደመወዙ አልበቃት ብሎ ነው» አሉኝ። አብረን ወረቀት ላይ ስናሰፍረው ግን ደመወዙን የሚበላው መንገዱ መሆኑ ታየን።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ

እዚህ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹን የወሰድኳቸው ናቸው። ኪራይ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ ቤታችሁ ስትገቡ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ሩቅ ያለው ቤት በወር 5,000 ብር ነው እንበል። ቅርብ ያለው ደግሞ 7,500። ደላላውም፣ ዘመድም፣ እኛም «2,500 ብር ይተርፍሻል፣ ሩቁን ያዢ» እንላለን።

አንዲት ነርስ በወር 22 ፈረቃ ብትገባ፣ መሄጃና መመለሻው 44 ጉዞ ነው። ከነዚህ ውስጥ ስምንቱ ታክሲ በማይገኝበት ሰዓት ቢውሉ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ራይድ ያለ መኪና ጠርታ 500 ብር ትከፍላለች፤ ድምሩ 4,000 ብር። የቀሩት 36 ጉዞዎች በታክሲ ቅብብል 40፣ 40 ብር ቢፈጁ 1,440 ብር ነው። 5,000 እና 4,000 እና 1,440 ሲደመር 10,440 ብር ይሆናል።

ቅርብ ያለችው በእግሯ ትሄዳለች። ለስምንቱ የሌሊት ጉዞ አጭር መንገድም ቢሆን መኪና ትጥራ፤ በ150 ብር ሂሳብ 1,200 ብር ነው። ከኪራዩ ጋር 8,700። እንግዲህ ውድ የተባለው ቤት በወር 1,740 ብር ይረክሳል።

ሰዓቱንም ቁጠሩት። አንዱ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ 44ቱ ጉዞ 66 ሰዓት ነው። በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን 11 ሰዓት። ልዩነቱ 55 ሰዓት፣ ማለትም የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ብናደርገው ሰባት ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህ ጊዜ እንቅልፍ ነው፣ ልጅ ማጥባት ነው፣ ለዲግሪ ማጥናት ነው። በበሽተኛ ክንድ ላይ መርፌ የምትሰካ ሴት እንቅልፏን ካጣች ጉዳቱ በእሷ ላይ ብቻ አይቀርም።

«ታዲያ ሁሉም ለምን ቅርቡን አይከራይም?» ትሉኛላችሁ። መልሱ ያለው በመጀመሪያው ወር ላይ ነው። ለቅርቡ ቤት የሁለት ወር ቅድሚያ 15,000፣ ለደላላ 1,500፣ ዕቃ ለሚጭን ፒክአፕ 2,000፣ ለፍራሽ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለምድጃና ለጀሪካን 8,000፣ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪወጣ ለምግብ 6,000 ብር ብንይዝ 32,500 ብር ይሆናል። የሩቁ ቤት ቅድሚያ 10,000፣ ደላላው 1,000 ስለሆነ 27,000 ብር ይበቃል። ልጅቱ 5,500 ብር ስለጎደላት ሩቁን ትይዛለች። ከዚያም በየወሩ 1,740 ብር ትርፍ ትከፍላለች። በአራተኛው ወር የጎደላትን ያህል ገንዘብ በመንገድ ላይ ጨርሳዋለች። የሁለት ዓመት ውል ከሆነ ደግሞ 41,760 ብር ይሆናል። ድሃ የሆነ ሰው ብዙ የሚከፍለው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ስለሚያንሰው።

«ቅርብ» ማለት ለማን ነው?

ቅርብ ሲባል መሀል ከተማ የሚመስላቸው አሉ። ርቀቱ የሚለካው ከምትገቡበት የሆስፒታል በር ነው። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለተመደበች ነርስ ቃሊቲና ገላን ቅርብ ናቸው፤ ፒያሳ ግን ሩቅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለምትሠራ ዊንጌትን ትይ፣ አለርት ለምትሠራ ዘነበወርቅንና አየር ጤናን ትይ፣ ጥቁር አንበሳ ለምትሠራ ልደታንና ሜክሲኮን ትጠይቅ። የካቲት 12 ለምትሠራ ስድስት ኪሎ ዙሪያውን፣ ካልሆነም ፈረንሳይ ለጋሲዮንን ትይ። ስለዚህ የሥራው ቦታ በደብዳቤ ሳይረጋገጥ ቤት አትያዙ።

መሀል ከተማ ቤት ነበረኝ ያለችን ዘመድ ተስፋ አድርጎ መምጣትም አሁን አያዋጣም። እንደ ፒያሳና ካዛንቺስ ካሉ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ተነስተዋል፤ አንድ ክፍል ቤት በቀላሉ ይገኝባቸው የነበሩት እነዚያ ግቢዎች ናቸው። የምትከራዩት ቤት በመልሶ ማልማት የሚነሳ መሆን አለመሆኑን ወረዳው ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።

መጓጓዣውንም በፈረቃ ዓይን እዩት። ለመንግሥት ሠራተኞች የተመደበው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ጠዋት ገብቶ ማታ ለሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው ባቡርም ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። ሆስፒታሉ ራሱ ለተረኞች ሰርቪስ ካለው፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ከመከራየት በፊት ማወቅ ብዙ ብር ያድናል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከነርሶቻችን ጋር ቁጭ ብዬ ምን እንደሚያስቸግራቸው ስጠይቅ ከኪራዩ በላይ የሚያማርሯቸው ነገሮች ነበሩ። እነሱን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

መጀመሪያ የግቢው በር ነው። ብዙ አከራዮች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በር ይቆልፋሉ፤ ለተከራይም ቁልፍ አይሰጡም። ለተማሪ ወይም ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ደኅንነት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሥራ ለምትወጣ ነርስ ግን ውጭ ማደር ነው። ቤቱን ስታዩ «የማታ ተረኛ ነኝ፤ የበሩን ቁልፍ ይሰጡኛል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አከራዪቱ ትልቅ ሴት ከሆኑ «እማማ፣ ሥራዬ ሆስፒታል ነው፤ በዚህ በዚህ ቀን እየመሸብኝ እመጣለሁ» ብሎ የፈረቃ ወረቀቱን ማሳየት ጥሩ ነው። ሌሊት የምትገባ ሴት ምን እንደምትሠራ በጎረቤት መታማቷን የሚያስቀረው፣ አከራይዋ አስቀድመው ማወቃቸው ነው።

ሁለተኛው የቀን እንቅልፍ ነው። ቤት የምናየው ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው፤ በዚያን ቀን ሰፈሩ ዝም ያለ ይመስላል። ሌሊት የሠራች ሴት የምትተኛው በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን በዚያ ሰዓት ሄዳችሁ ስሙት። አጠገቡ ብረታ ብረት ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም የሚገነባ ሕንፃ ካለ ኪራዩ ቢረክስም አያስተኛም።

ሦስተኛው ውኃ ነው። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ ወይ? ውኃ የሚመጣው ሌሊት ከሆነና እናንተ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ማን ይቀዳላችኋል? የሆስፒታል ልብስ በየቀኑ ይታጠባል፤ ያለ ውኃ አይሆንም። መብራቱም የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከአከራዩ ጋር ይካፈላል? የሚካፈል ከሆነ በምን ሂሳብ?

አራተኛው መንገዱ ነው። ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቱ በር በቀን ሳይሆን ሥራ በምትወጡበት ሰዓት፣ ከሰው ጋር ሆናችሁ ሂዱበት። መብራት አለ ወይ? ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? አንድ ኪሎ ሜትር ሆኖ ጨለማና ጭር ያለ መንገድ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሆኖ ሰው ከማይጠፋበት አስፋልት ይልቅ ይርቃል።

አምስተኛው የቤቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ ተከራይቶ የሚያከራይ ሰው አለ። መታወቂያውንና የባለቤትነት ማስረጃውን፣ ወኪል ከሆነም ውክልናውን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ደላላው «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ በይ» ቢልም ወረቀቱ ይቅደም።

ሁለት ሆነው የሚከራዩም አሉ። አንዷ ማታ ስትገባ ሌላዋ ቀን የምትሠራ ከሆነ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ለሁለት ይበቃል፤ ኪራዩም ይከፈላል። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር እህትማማች ብትሆኑም በጽሑፍ ይሁን። አንዷ ብትወጣ ለሌላዋ ስንት ቀን ቀድማ ትናገራለች? ፍራሹና ምድጃው የማን ነው? አንድ ገጽ ወረቀት ጓደኝነትን አያፈርስም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሴቶች ያልሰሙት አንድ ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥም ቀርቦ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም በፈለጉት ጊዜ አይደረግም፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው።

ይህን የምነግራችሁ ከአከራይ ጋር እንድትጣሉ አይደለም። «የስድስት ወር ካልከፈልሽ» ስትባሉ በትሕትና «ሕጉ ሁለት ወር ነው የሚለው፤ ወረዳ ሄደን እናስመዝግበው» ለማለት ነው። «ውሉን ሳናስመዘግብ ኪራዩን ልቀንስልሽ» የሚልም ያጋጥማል። ያልተመዘገበ ውል የያዘች ሴት በሦስተኛው ወር «ጨምሪ ወይም ውጪ» ብትባል በእጇ የምታሳየው ነገር የላትም። የሁለት ዓመት ውል ለእናንተም ግዴታ ስላለው፣ ዝውውር ቢመጣ መውጫው እንዴት እንደሆነና የማስጠንቀቂያው ጊዜ ስንት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ ካልገባችሁ ወረዳውን ጠይቁ።

የማቀርበው ሐሳብ

አሁን ወደ ማኅበራችን ልመለስ። ቅድም እንዳየነው ልጆቻችንን የሚያርቃቸው የመጀመሪያው ወር ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያ ወር ብድር» የሚባል፣ ከመደበኛው ብድር የተለየ አነስተኛ ተዘዋዋሪ ገንዘብ እንድናቋቁም ሐሳብ አቀርባለሁ።

ይህን ሐሳብ በኮሚቴ ሳነሳ አንዲት እትዬአችን ተቃወሙ። «ደመወዝ ያላት ነርስ ስትበደር እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋ ምን ልትሆን ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ይህ ማኅበር የተመሠረተው ደመወዝ በሌላቸው ሴቶች ሳንቲም ነው። ስለዚህ ከመደበኛው የብድር ገንዘብ አንድ ብር እንዳይነካ እጠይቃለሁ። ይህኛው ከደጋፊዎቻችን በሚገኝ ድጋፍ ለብቻው ተከፍቶ፣ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይያዝ። እንጀራ የምትጋግረው እህታችን ወረፋዋን አታጣም። የብዙዎቹ ነርሶች እናቶችም እነሱው ናቸው፤ ልጅቱ ደመወዟን መንገድ ላይ ካልጨረሰች ለእናቷ የምትልከው ይተርፋታል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ብድሩ ከሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ አይበልጥም። ገንዘቡ በተበዳሪዋ እጅ አይገባም፤ በተመዘገበ ውል መሠረት በቀጥታ ወደ አከራዩ የባንክ ሂሳብ ይገባል። ሁለት አባላት ዋስ ይሆናሉ፤ የቅጥር ደብዳቤዋ ቅጂም ይያያዛል። መመለሻው 10 ወር ነው። በምሳሌያችን 15,000 ብር በ10 ወር ሲከፈል በወር 1,500 ነው። ቅርብ በመኖሯ በየወሩ የሚተርፋት 1,740 ብር ነበር። ዕዳዋን የሚከፍልላት ከመንገድ የተረፈው ገንዘብ ነው ማለት ነው።

በሦስት ሴቶች እንጀምር፤ 45,000 ብር ይበቃል። ሦስቱ በወር 4,500 ብር ሲመልሱ በአራተኛው ወር 18,000 ብር ይጠራቀማል፤ አራተኛዋ ሴት ትበደራለች። ደጋፊዎቻችን፣ የምትሰጡት ብር አንድ ጊዜ ተበልቶ የሚያልቅ እንዳልሆነ በዚህ ታያላችሁ። ስጋት የለውም አልላችሁም፤ ሥራዋን የምትለቅ ወይም የምትታመም ልትኖር ትችላለች። ዋሶቹ የተቀመጡትም፣ በሦስት ሰው ብቻ እንጀምር ያልኩትም ለዚህ ነው። በየሦስት ወሩ ስንት እንደወጣና ስንት እንደተመለሰ በዚህ ጋዜጣ ላይ አወጣለሁ።

ከገንዘብ ሌላ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በሆስፒታሎች አካባቢ የምትኖሩ አባላት የሚከራይ ክፍል ስትሰሙ ለጸሐፊያችን ንገሩ፤ በሰፈርና በሆስፒታል ለይተን መዝገብ እንይዛለን። ደላላ ከመፈለግ በፊት መዝገቡ ይታያል። ሁለተኛ፣ አዲስ የመጣች ልጅ ብቻዋን ቤት ለማየት አትሂድ፤ ከሰፈሩ አባላት አንዳችሁ አብራችኋት ሂዱ። አከራይም አብራት የመጣች ትልቅ ሴት ሲያይ ቃሉን ያከብራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

መልቀቂያ ጽፋ የነበረችው ልጅ፣ ሁለት ዋስ አግኝታ ከመደበኛው ብድር ተራዋ ሲደርስ ተበድራ ከሆስፒታሏ አጠገብ ክፍል ተከራይታለች። አሁንም በሥራዋ ላይ ናት፤ ከብድሩ የቀራት የሦስት ወር ክፍያ ነው። ያ ተራ እስኪደርስ ግን ሁለት ወር ወንበር ላይ አድራለች። ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን እንድታወጡ ሰብሳቢዋ ይጠይቋችኋል፤ እኔ በዚሁ አበቃለሁ።